ለአንድ ተጨማሪ ጠረጴዛ



ዛሬ ስለ አንድ ገበያ ልነግራችሁ ነው የመጣሁት። ገበያው በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በኦገስት ወበቅና በዲሴምበር ብርድ፣ በቶኪዮ ባሕረ ሰላጤ ዳር ይቆማል። ሻጮቹ ነጋዴዎች አይደሉም፤ ተማሪዎች፣ የቢሮ ሠራተኞች፣ የልጆች እናቶች ናቸው። የሚሸጡትም ከሥራ መልስ ማታ ማታ የሳሉትንና የጻፉትን፣ በገዛ ገንዘባቸው ያሳተሙትን ቀጭን መጽሔት ነው። ስሙ ኮሚክ ማርኬት ሲሆን ወዳጆቹ አሳጥረው ኮሚኬት ይሉታል። በ1975 በ32 ቡድኖችና በ700 ገደማ ሰዎች ተጀመረ። በዲሴምበር 2019 በአራት ቀን ውስጥ 750,000 ሰው ተመላለሰበት። ይህን ሁሉ የሚያሰናዱት 3,000 ያህል ሰዎች ደመወዝ አይከፈላቸውም። የምጠራቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ላሳስብ።

እንዲህ ያለ ታሪክ ሲነገር ጆሮ የሚይዘው ትልቁን ቁጥር ነው። እኔ ግን ሐሳባችሁን ከ750,000ው አንስታችሁ በ32ቱ ላይ እንድታሳርፉ እለምናችኋለሁ። ኮሚኬት ሰው ለመሰብሰብ ብሎ አልተነሣም። አሰናጆቹ ለሃምሳ ዓመት ያህል ሲጨነቁበት የኖሩት ጉዳይ፣ የራሱን ሥራ ይዞ ለሚመጣ ለአንድ ተጨማሪ ሰው ጠረጴዛ ከየት እንደሚገኝ ነው። አዳራሽ የቀያየሩት፣ ደንብ ያወጡት፣ የተጨቃጨቁት ለዚህ ነው። ጎብኚው ጠረጴዛውን ተከትሎ መጣ።

ለነገሩ እንግዳ የሆነ አድማጭ ቢኖር ጥቂት ላስረዳ። ማንጋ በሥዕል የሚተረክ የጃፓን ድርሰት ነው፤ አኒሜ ደግሞ የጃፓን የካርቱን ፊልም ነው። ልጆቻችሁ በስልካቸው የሚያዩዋቸው ናሩቶና ዋን ፒስ ከዚህ ወገን ናቸው። ዶጂንሺ የሚባለው ወዳጆች በራሳቸው ወጪ የሚያወጡት መጽሔት ነው። አንዱ ከራሱ አመንጭቶ ይጽፋል፤ ሌላው የሚወደውን ድርሰት ገጸ ባሕርያት ወስዶ ደራሲው ያላሰበውን ታሪክ ይቀጥልላቸዋል፤ ሦስተኛው ስለ አሮጌ የባቡር መስመሮች ያጠናውን ያትማል። ሦስቱም በኮሚኬት ቦታ አላቸው።

መነሻው ቅሬታ ነበር። ታላቁ የማንጋ ደራሲ ኦሳሙ ቴዙካ በ1967 ኮም የተባለ መጽሔት አቋቁሞ ነበር። መጽሔቱ የጀማሪዎችን ሥራ ተቀብሎ ይገመግማል፤ በየክፍለ ሀገሩ የተበተኑትን ወጣት ሠዓሊዎች እርስ በርስ ያገናኛል። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሲቋረጥ እነዚያ ወጣቶች መገናኛ አጡ። የማንጋ ወዳጆች የሚሰበሰቡበት ዓመታዊ ጉባኤ እርግጥ ነበረ። ይሁን እንጂ በ1975 ጉባኤውን የተቸ ተሳታፊ እንዳይገባ ተከለከለ። መይኪዩ የሚባል የማንጋ ሒስ ቡድን አባላት ይህን ሲያዩ አዘኑ፤ ተቆጡም። ገና በሃያዎቹ ዕድሜ የነበሩት ቴሩኦ ሃራዳና ዮሺሂሮ ዮኔዛዋ ከነሱ መካከል ናቸው። ሰውን በሐሳቡ ምክንያት ከበር የማይመልስ ስብሰባ ራሳችን እናቋቁም አሉ።

እሑድ ዲሴምበር 21 ቀን 1975 ቶራኖሞን በሚባለው የቶኪዮ ሰፈር፣ በጃፓን የእሳት አደጋ ተከላካዮች ሕንፃ ውስጥ፣ አንድ የስብሰባ አዳራሽ ተከራይተው ጠረጴዛ ደረደሩ። ማን መጣ? አብዛኞቹ የመለስተኛና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የሆኑ ልጃገረዶች ነበሩ። ይህን ጠበቅ አድርጌ እናገራለሁ፤ ምክንያቱም ስለ አኒሜ ወዳጅ ሲወራ ብዙ ሰው የሚያስበው ክፍሉን ዘግቶ የሚውል ወንድ ልጅ ነው። የኮሚኬት ታሪክ ይህን አይደግፍም። ዛሬም ከጠረጴዛው ኋላ ከሚቀመጡት ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ሴቶች ናቸው። የዚያን ዘመን ልጃገረዶች እነ ሞቶ ሃጊዮን የመሳሰሉ ሴት ደራስያን ያወጡትን ያነቡና፣ ያነበቡትን ሲወያዩበት ከርመው ራሳቸው ብዕር ያነሡ ነበር። ለማሳተሚያ የሚሆን ገንዘብ ያጡ ቡድኖች የእጅ ሥራውን ዋና ቅጂ ከአባል ወደ አባል እያዞሩ ያነብቡት ነበር። እንዲህ ያለች ልጅ ሥራዋን ለማታውቀው ሰው በእጇ ሰጥታ ፊቱን ማየት ስትችል የሚሰማትን ለማሰብ ደራሲ መሆን አያስፈልግም።

ከዚያ በኋላ ያለው ዘመን አዳራሽ ፍለጋ ነው። መጀመሪያ በዓመት ሦስት ጊዜ ይሰበሰቡ ነበር። ከአንድ የወረዳ አዳራሽ ወደ ሌላው፣ ከቶኪዮ ወደ ካዋሳኪ እየተዘዋወሩ ቆዩ። የገቡበት ቤት ሁሉ ብዙም ሳይቆይ ይጠብባቸዋል። በ1981 ሃሩሚ ወደሚባለው የቶኪዮ ወደብ የኤግዚቢሽን ማዕከል ሲገቡ ጎብኚው 10,000 ያህል ደርሶ ነበር። በዚህ መካከል አንድ ትልቅ ለውጥ መጣ፤ አነስተኛ ማተሚያ ቤቶች የወጣቶቹን ሥራ በጥቂት ቅጂ፣ በሚቻል ዋጋ ማተም ጀመሩ። ይህ ባይሆን ኮሚኬት በጥቂት መቶ ቡድኖች ላይ በቀረ ነበር ብዬ አምናለሁ። ከዚያም በ1980ዎቹ አጋማሽ ካፒቴን ጹባሳ የተባለው የእግር ኳስ ታሪክ የሴት ደራስያን ማዕበል አስነሣ። በዐረብ ጣቢያዎች ካፒቴን ማጂድ ተብሎ የታየው ማለት ነው፤ በባሕረ ሰላጤው አገሮች የኖራችሁ ታስታውሱታላችሁ። በሺህ የሚቆጠሩ ወጣት ሴቶች የዚያን ቡድን ልጆች ወዳጅነትና ፍቅር በራሳቸው መንገድ ጻፉ፤ ለጽሑፋቸውም ጠረጴዛ ጠየቁ።

አመራሩን ከ1980 ጀምሮ የያዘው ዮኔዛዋ ነበር። በኩማሞቶ የተወለደ፣ በቶኪዮ ሜይጂ ዩኒቨርሲቲ የተማረ፣ በማንጋ ታሪክ ላይ መጻሕፍት የጻፈ የሒስ ሰው ነው። በኃላፊነቱ የቆየው በ53 ዓመቱ በሳንባ ካንሰር እስከ ሞተበት እስከ 2006 ነው። የያዘው መርሕ ለመናገር ቀላል፣ ለመፈጸም ግን እጅግ ከባድ ነበር፤ ሕግ እስካልተጣሰ ድረስ ኮሚኬት ሥራ አይመርጥም። ጥሩ ሠዓሊና መጥፎ ሠዓሊ፣ ዝነኛና ያልታወቀ ብሎ አይለይም። አመልካቹ ከቦታው ሲበልጥ ዕጣ ይወጣል። ከዕድል በቀር የሚመርጥ ዳኛ የለም።

ይህ መርሕ የተፈተነው በ1991 ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ጃፓንን ያስደነገጠ የሕፃናት ግድያ ተፈጽሞ፣ የገዳዩ ክፍል በቪዲዮ ካሴት የተሞላ መሆኑ ሲታወቅ፣ የአኒሜና የማንጋ ወዳጅ ሁሉ በጥርጣሬ ይታይ ጀምሮ ነበር። ኮሚኬት በዚያው ጊዜ ከሃሩሚ ወጥቶ ማኩሃሪ ሜሴ ወደሚባል አዲስና ሰፊ አዳራሽ ተዛውሯል። በ1991 ፖሊስ የብልግና ኅትመት ሕግን ጠቅሶ አንዳንድ የዶጂንሺ ሻጮችን ያዘ። ብዙም ሳይቆይ ማኩሃሪ ለበጋው ገበያ አዳራሹን እንደማይሰጥ አስታወቀ። ቡድኖቹ ተመዝግበዋል፤ ሥራቸውን ጀምረዋል፤ ቤት ግን የለም።

በዚህ ቦታ ብዙ ማኅበራት ይፈርሳሉ፤ ወይም ፈርተው የሥራ መራጭ ኮሚቴ ያቋቁማሉ። የዮኔዛዋ ሰዎች ወደ አሮጌውና ወደ ጠባቡ ሃሩሚ ተመልሰው ለመኑ፤ ገቡም። ቁጥጥሩንም አጠበቁ። እያንዳንዱ ቡድን መሸጥ ከመጀመሩ በፊት ከመጽሔቱ አንድ ቅጂ ለአሰናጆቹ ያስረክባል፤ በጎ ፈቃደኞች ገጽ በገጽ እያገላበጡ ሕግ የሚጥስ ነገር እንደሌለው ያያሉ። መጽሔቱ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ አይሉም፤ ሥልጣናቸው እዚያ አይደርስም። እኔ ይህን ድንበር ከኮሚኬት ሥራዎች ሁሉ አብልጬ አከብረዋለሁ። በጭንቅ ጊዜ ሕግን ማክበርና ጣዕምን በሰው ላይ መጫን ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ለይቶ መያዝ ትልቅ ሥራ ነው፤ በተለይ ካሜራ በር ላይ ቆሞ ሲጠብቅ።

ለቁጥጥር የተሰበሰቡት ቅጂዎች አልተጣሉም። የዮኔዛዋ የግል መጻሕፍትና የኮሚኬት ናሙናዎች ተጠቃልለው በስሙ ቤተ መጻሕፍት ተቋቋመ፤ በ2009 በተማረበት በሜይጂ ዩኒቨርሲቲ ተከፍቷል። ተመራማሪዎች ዛሬ እዚያ ገብተው፣ ሃምሳ ቅጂ ብቻ የታተመውን የአንዲት ተማሪ ሥራ ከታላላቆቹ ጎን ያነባሉ።

ከኦገስት 1996 ጀምሮ ኮሚኬት አሪያኬ በሚባለው፣ ባሕሩን ሞልተው በሠሩት የቶኪዮ መሬት ላይ፣ ቶኪዮ ቢግ ሳይት በተባለው ማዕከል ይቆማል። ቢግ ሳይት አራት የተገለበጡ ፒራሚዶችን የሚመስል ግዙፍ ሕንፃ ነው። እዚህ ነው ቡድኖቹ በአንድ ገበያ እስከ 35,000 የደረሱት። እያንዳንዱ ቡድን የሚሰጠው የጠረጴዛ ግማሽ ነው፤ ርዝመቱ 90 ሳንቲ ሜትር፣ ወርዱ 45 ሳንቲ ሜትር፣ ከሁለት ወንበር ጋር። ከሩቅ አውራጃ ሌሊቱን ተጉዞ የመጣው ሰው ግዛቱ ይህችው ናት።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ፤ እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ እሱ ነውና።

በገበያው ዋዜማ አዳራሾቹ ባዶ ናቸው። ያን ቀን ከአሰናጆቹ ሌላ ጊዜ ያለው ሁሉ መጥቶ እንዲያግዝ ጥሪ ይደረጋል። ወለሉ በምልክት ይከፋፈላል፤ ከዚያ ጠረጴዛው በሸክም፣ ወንበሩ በቅብብል ይደረደራል። እኛ ደቦ የምንለው ነው፤ ጤፍ ለመውቃት የተጠራ ጎረቤት ሒሳብ አይጠይቅም፤ ነገ የሱም ተራ እንደሚመጣ ያውቃል። እዚህ ያለው ልዩነት ጎረቤቶቹ የማይተዋወቁ መሆናቸው ነው። በጥቂት ሰዓት ውስጥ በሺህ የሚቆጠሩ ጠረጴዛዎች መስመር ይይዛሉ። ማተሚያ ቤቶችም መጽሔቶቹን በመኪና አምጥተው በየባለቤቱ ጠረጴዛ ሥር ያስቀምጣሉ።

ሌሊቱን ተሰልፎ ማደር ክልክል ነው፤ በማግሥቱም ከመጀመሪያው ባቡር በፊት መምጣት አይፈቀድም። ወረፋው በትልልቅ ብሎኮች ተከፍሎ፣ እያንዳንዱን ብሎክ አንድ ወጣት በጎ ፈቃደኛ እጁን ዘርግቶ እየመራ ያንቀሳቅሰዋል። መሮጥ አይፈቀድም። የገጸ ባሕርይ ልብስ የሚለብሱ ሰዎች ለብሰው ከቤት አይመጡም፤ እዚያው በተዘጋጀ ክፍል ይለውጣሉ፤ የሰፈሩ ሰው እንዳይረበሽ ነው። ጎብኚው ድፍን የ10,000 የን ኖት ይዞ እንዳይመጣ፣ ሳንቲምና ዝርዝር እንዲይዝ ይመከራል፤ ለብቻዋ የተቀመጠች ሻጭ ከየት ትመነዝራለች? ጠዋት የገበያው መከፈት በድምፅ ማጉያ ሲነገር፣ ሻጩም ገዢውም አስተናባሪውም አብሮ ያጨበጭባል። ከሰዓት በኋላ ሲዘጋም እንዲሁ ያጨበጭባሉ። ቀይ መስቀልም ደም የሚለግሱ ሰዎችን እዚያው ይቀበላል። በ2013 በጋ ሙቀቱና ላቡ ከመክበዱ የተነሣ በአዳራሹ ጣሪያ ሥር ጉም ታየ ተብሎ በሰፊው ተወርቷል።

ጭብጨባውን የማነሣው ለውበቱ ብቻ አይደለም። የኮሚኬት ደንብ ሻጩን፣ ጎብኚውንና አሰናጁን በእኩል ዓይን ያያል፤ ሁሉም ተሳታፊ ነው፤ ደንበኛ የሚባል የለም። ሲሰሙት የወረቀት ላይ ቃል ይመስላል። ግን ወረፋ የሚጠብቅ ሰው ደንበኛ እንዳልሆነና አስተናጋጅ እንዳልቀረበለት ሲያውቅ፣ ከጎኑ የወደቀውን ራሱ ያነሣል፤ ቆሻሻውን ይዞ ይወጣል። 3,000 ሰው መቶ ሺህዎችን ማስተናበር የቻለው፣ የሚስተናበረው ሰው ግማሹን ሥራ ስለሚሠራ ነው። በዕለቱ መጨረሻ በሚደረገው የግምገማ ስብሰባም ማንኛውም ሰው ገብቶ፣ በአመራሩ ፊት ቆሞ፣ ወረፋው እዚህ ጋ ተበላሸ፣ ምልክቱ አይታይም ብሎ ይናገር ነበር። ብዙ ደንቦች ከእንዲህ ያለው ንግግር የተወለዱ ናቸው።

እንዲህ ያለ ኃላፊነት አንዳንዴ መራራ ነው። በ2012 የኩሮኮ የቅርጫት ኳስ በተባለው ማንጋ ደራሲ ስኬት የቀና ሰው ለተለያዩ አዳራሾችና ድርጅቶች የማስፈራሪያ ደብዳቤ ላከ። የዲሴምበሩ ገበያ ደረሰ። አሰናጆቹ የዚያን ማንጋ ቡድኖች ለዚህ ጊዜ እንዲቀሩ ጠየቁ። ለወራት ሲሠሩ የከረሙ ወጣት ሴቶች ያሳተሙትን መጽሔት ይዘው ቤታቸው ቀሩ። ማንንም ከበር ላለመመለስ የተቋቋመ ማኅበር በሩን ዘጋ። ውሳኔው ልክ ነበር ወይስ አልነበረም የሚለው እስካሁን ያከራክራል። እኔ በሰው ሕይወት ላይ አደጋ ሲደቀን ሌላ ምርጫ ነበራቸው አልልም፤ የተጎዱት ግን ጥፋት ያልሠሩት መሆናቸውን ሳይናገሩ ማለፍ አግባብ አይደለም። ተጠርጣሪው በዲሴምበር 2013 ተያዘ።

ከዚያች ግማሽ ጠረጴዛ ምን ወጣ ብላችሁ ብትጠይቁ፣ ክላምፕ የሚባሉት በዓለም የታወቁ ሴት ደራስያን መነሻቸው የዶጂንሺ ቡድን ነው። ጹኪሂሜ የተባለው ጨዋታ በ2000 እዚህ ሲሸጥ ሠሪዎቹ አማተሮች ነበሩ፤ ዛሬ ታይፕ ሙን በሚለው ስም የታወቀ ኩባንያ ሆነዋል። ደስ ይላል። ቢሆንም ኮሚኬትን በእነዚህ ስሞች ብቻ ማመስገን አልወድም። ከጠረጴዛው ኋላ ከሚቀመጡት ብዙዎቹ የማሳተሚያቸውን ወጪ እንኳ አይመልሱም፤ ሊመልሱም አይመጡም። ሥራቸውን የሚያነብ ሌላ ሰው ፈልገው ነው የሚመጡት።

ከጃፓን ውጭ ያለውን በአጭሩ ልንካ። በአሜሪካ ኦታኮን የሚባለው የአኒሜ ጉባኤ በ1994 ስቴት ኮሌጅ በምትባል የፔንስልቬንያ የዩኒቨርሲቲ ከተማ በጥቂት መቶ ሰዎች ተጀመረ። ከ1999 እስከ 2016 በባልቲሞር፣ ከ2017 ጀምሮ በዋሽንግተን ይካሄዳል፤ በቅርብ ዓመታት የተሳታፊው ቁጥር ከ40,000 አልፏል። አሰናጆቹ እንደ ቶኪዮዎቹ ደመወዝ አይቀበሉም። የስብሰባ ማዕከሉ የእኛ ሰዎች ምግብ ቤቶች ከሚገኙበት ከዘጠነኛው መንገድ ብዙ አይርቅም፤ በጉባኤው ሰሞን በባለ ቀለም ጸጉር ወጣቶች የተሞላ ጎዳና ብታዩ እነሱ ናቸው። ኦታኮን ከጃፓን ደራስያንና ድምፃውያን ይጋብዛል፤ የሚመጣው ሰው ተጋባዦቹን ለማየት ከፍሎ ይገባል። የሚደነቅ ሥራ ነው፤ ሆኖም መድረክና ተመልካች አለው። ኮሚኬት ትልቅ መድረክ ሳይኖረው ማደጉ በዚህ ንጽጽር ጎልቶ ይታያል።

ወረርሽኙ ሲመጣ ኮሚኬት ቀድሞውንም በጥበት ላይ ነበር። ቢግ ሳይት ለቶኪዮ ኦሎምፒክ የመገናኛ ብዙኃን ማዕከል እንዲሆን በመመደቡ፣ የ2020 ገበያ ከበጋ ወደ ሜይ ተዛውሮ ነበር፤ እሱም ተሰረዘ። እንደገና የተከፈተው በዲሴምበር 2021 ነው፤ በቀን 55,000 ሰው ብቻ እንዲገባ ተፈቅዶ። በዲሴምበር 2024 በሁለት ቀን 300,000 ያህል ሰው መጣ።

በዚህ መካከል ሳይስተዋል ያለፈ አንድ ነገር አለ። እስከ 2019 ድረስ ጎብኚ ያለ ክፍያ ይገባ ነበር። በ2019 ለኦሎምፒኩ ሲባል አዳራሹ ተከፋፍሎ ወጪው ሲጨምር የእጅ አምባር መሸጥ ተጀመረ፤ ከወረርሽኙ በኋላ ደግሞ ትኬት አስቀድሞ መግዛት የግድ ሆነ። ምክንያቱ ይገባኛል፤ የአዳራሽ ኪራይና የጥበቃ ወጪ በጭብጨባ አይከፈልም። ዋጋውም ከፍተኛ አይደለም። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ለሁለት ዓመት ያህል ገበያው ሲቋረጥ፣ አዲስ በጎ ፈቃደኛ ከነባሩ ጎን ቆሞ ወረፋ መምራትን የሚማርበት ጊዜ ተቋርጧል። ይህ ትምህርት በመጽሐፍ አይገኝም። አሁን በ2020ዎቹ ለመጀመሪያ ጊዜ ትኬት ገዝቶ የሚገባ የሃያ ዓመት ወጣት፣ ከዋዜማው የጠረጴዛ ድርደራ አንድም ቀን ሳይገኝ ኮሚኬትን የሚያውቀው በበሩ በኩል ብቻ ሊሆን ይችላል።

ከዮኔዛዋ በኋላ ኃላፊነቱን ሦስት ሰዎች በጋራ ተረክበዋል። አንድ ሰው ብቻውን የተሸከመውን ለሦስት መከፋፈላቸው ብልህነት ነበር። እኔ በነሱ ቦታ ብሆን፣ ወደ 750,000 ለመመለስ ከመቸኮል በፊት፣ ትኬት ለሚገዛ ለእያንዳንዱ ወጣት የዋዜማውን ጥሪ አብሬ እልክለት ነበር፤ ጠረጴዛው ስንት ሰዓት ላይ መደርደር እንደሚጀምር ጽፌ።